የምርጫው ገንዘብ ከየት መጣ?



በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ምዕራፎች ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ትምህርት የምንለውን ብለናል። ይህኛው ክፍል ስለ ኪስ ነው፤ ስለ ገዢው ፓርቲ ኪስ፣ ስለ እኛም ኪስ። ፓርቲዎች በአደባባይ ሊናገሩበት የማይወዱት ጉዳይ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ለክልል ምክር ቤት መቀመጫ ድምፃችሁን የሚጠይቃችሁ ማንኛውም ሰው፣ የቆመበትን መድረክ፣ የለበሰውን ካኔቴራና የመጣበትን መኪና ማን እንደከፈለለት ሊነግራችሁ ይገባል ብለን እናምናለን።

ምርጫ ገንዘብ ይበላል። ፖስተር ይታተማል፣ ሞንታርቦ ይከራያል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ በየምርጫ ጣቢያው ለሚቀመጡ ወኪሎችም ምሳ ይገዛል። የመጨረሻዋን ወጪ ቀላል ናት የሚል ካለ እስቲ ያስላ። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫዎች ከ40,000 በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። ለአንድ ጣቢያ አንድ ወኪል፣ ለአንድ ወኪል አንድ ሳህን ሽሮ ብቻ ብንል እንኳ የአንድ ቀን ምሳ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በዓመት ከአባላት መዋጮ የማያገኙትን ገንዘብ ይጠይቃል። ወኪል የሌለበት ጣቢያ ደግሞ ቆጠራው እንዴት እንደተካሄደ የሚመሰክርለት ያጣል። ስለዚህ የገንዘብ ጉዳይ የምርጫው ጓዳ ብቻ አይደለም፤ የድምፁ ጉዳይ ነው።

የክልል ምርጫን ለይተን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በአዲስ አበባው ፓርላማ ላይ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ያየ ሰው የዕለት ኑሮው የሚወሰነው የት እንደሆነ ይገባዋል። በአንቀጽ 52 መሠረት መሬትን የሚያስተዳድረው ክልል ነው፤ የክልሉን ሲቪል ሰርቪስና ፖሊስ የሚያቋቁመውም ክልል ነው። በአንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ ከሚሠራ የግል ነጋዴ ግብር የሚሰበስበው፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የሚወስነው፣ ከገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር የሚቆርጠው ክልል ነው። ቦታ የሚመራ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ለማሠራት ጨረታ የሚያወጣ፣ የንግድ ፈቃድ የሚያድስ ወይም የሚከለክል ሁሉ ደመወዙ ከዚያ ነው። አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት መሆኑንና ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ ለሕዝብ ተጠሪ የሆነን ምክር ቤት ያስመረጠው ገንዘብ ከአንድ ተቋራጭ ወይም ከአንድ መሬት ፈላጊ ባለሀብት የመጣ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ በተግባር ለማን ተጠሪ ይሆናል? የበሉበትን ወጪት መስበር በባህላችን ነውር ነው። ባለሀብቱም የሚቆጥረው በዚህ ነውር ላይ ነው።

ሕግ የለም አንልም። ነሐሴ 18 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ቀደም ሲል በሦስት አዋጆች ተበታትኖ የነበረውን የምርጫ፣ የፓርቲ ምዝገባና የሥነ ምግባር ሕግ አንድ ላይ አድርጎታል። ፓርቲ ገቢ የሚያገኘው ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ስጦታ፣ ከመንግሥት ድጎማና አልፎ አልፎ ከሚዘጋጅ የገቢ ማሰባሰቢያ ነው። ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ፓርቲዎች ሒሳባቸውን በየዓመቱ አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ ያቀርባሉ። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ነው። የጎደለው ሪፖርቱ ወደ ቦርዱ መዝገብ ቤት ሲገባ ከመራጩ ዓይን መሰወሩ ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት «ለዚህ ፓርቲ ትልቁን ገንዘብ የሰጡት እነ እገሌ ናቸው» የሚል ዝርዝር በቀበሌያችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያያችሁ አላችሁ? እኛ አላየንም። ከምርጫው በኋላ የሚመጣ የኦዲት ሪፖርት ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመራጭ ግን ከሠርግ በኋላ የመጣ ሽማግሌ ነው።

የመንግሥት ድጎማውን ያየን እንደሆነ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። በቀድሞው የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 573 ለፓርቲዎች የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው በፌዴራልና በክልል ምክር ቤቶች በተያዘ መቀመጫ ልክ ነበር። አነጋገሩ ፍትሐዊ ይመስላል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ1,904 የክልል ምክር ቤት መቀመጫዎች 1,903ቱን ወሰዱ፤ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎችም 545ቱን። በ2007 ዓ.ም. ፓርላማው ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ሆነ። እንግዲህ «በመቀመጫ ልክ» ማለት ምን ማለት እንደነበር የሕግ ትምህርት የማያስፈልገው ሰው ሁሉ ይረዳዋል። የአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን በ2002 ዓ.ም. ሪፖርቱ ሜዳው እኩል እንዳልነበረና የመንግሥት ሀብት ለገዢው ፓርቲ ዘመቻ ሲውል መታየቱን ገልጿል። የክልል ዋና ኦዲተሮች ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡትም ለእነዚሁ ምክር ቤቶች ነበር። 1,903 ሰዎች አንድ ወገን በሆኑበት ቤት የኦዲት ግኝት ሲነበብ ማን እጁን አውጥቶ ይጠይቃል?

ያ ዘመን አልፏል የሚሉን አሉ። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተተክቷል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አዲሱ ፓርቲ 410ሩን አገኘ። ስም ተለውጧል፤ የመንግሥትን ካዝናና የፓርቲን ካዝና የሚለየው ግድግዳ ግን አሁንም ስስ ነው። በምርጫ ሰሞን በኮድ 4 ታርጋ መኪና የሚመላለሰው ባለሥልጣን በጠዋቱ ስብሰባ የክልሉ ቢሮ ኃላፊ፣ ከሰዓት በኋላ የፓርቲው ቀስቃሽ ነው። ነዳጁ አንድ፣ ሾፌሩ አንድ፣ ውሎ አበሉም አንድ ነው። ለዚህ ወጪ የፓርቲው ሒሳብ መዝገብ ላይ አንድም መስመር አይገኝም። ምክንያቱም የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።

በክልል ደረጃ የነበሩትን የኢንዶውመንት ድርጅቶች ታሪክም መርሳት አይገባም። ትእምት በትግራይ፣ ጥረት በአማራ፣ ሌሎቹም በየክልላቸው፣ የፓርቲ ሳይሆኑ የሕዝብ ናቸው እየተባለ በገዢው ግንባር ሰዎች ሲመሩ ቆዩ። ሕጉ ፓርቲ በንግድ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል፤ ድርጅቶቹም «እኛ ፓርቲ አይደለንም» ይሉ ነበር። የሕዝብ ናቸው የተባለው ሕዝብ ግን የትርፍና ኪሳራ ሒሳባቸውን በአደባባይ ሲነበብ ሰምቶ አያውቅም። የጥረት ጉዳይ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ዓ.ም. ሁለት የቀድሞ ከፍተኛ ኃላፊዎች ተፈርዶባቸዋል። በፍርዱ ላይ አስተያየት አንሰጥም። የምንለው ይህን ያህል ሀብት ከ20 ዓመታት በላይ ያለ ሕዝብ ቁጥጥር ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሒሳቡ የተነሣው ባለቤቶቹ ሥልጣን ሲያጡ ብቻ መሆኑን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በአገራችን ለምን እንደተፈጠረ እንዲህ ያለው ነገር ይነግረናል።

ባለሀብቶችም ቢሆኑ ሁልጊዜ ፈልገው የሚሰጡ አይደሉም። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ ፕሮጀክቶች «ገበታ ለሀገር» ሲመጣ ዋጋው 10 ሚሊዮንና 5 ሚሊዮን ሆነ። ይህ ለልማት የተጠራ የመንግሥት ገንዘብ እንጂ የፓርቲ ገንዘብ አልነበረም፤ አንዱን ከሌላው ማምታታት አንፈልግም። ነጋዴው ግን ምን ተማረ? የአገሪቱ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ሰው ጥሪ ሲልክ «አልተመቸኝም» ማለት ከባድ መሆኑን ተማረ። ነገ ያው ባለሥልጣን የፓርቲ ሊቀ መንበርነት ባርኔጣውን አድርጎ፣ ወይም የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር በተራው፣ ለፓርቲው ገቢ ማሰባሰቢያ ጥሪ ቢልክ ነጋዴው የፖስታውን ማኅተም አይመረምርም፤ የላኪውን እጅ ነው የሚያየው። በሕግ ቋንቋ ስጦታ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ነው። ፈቃድ ያልተሰጠበት ስጦታ ሌላ ስም አለው፤ ስሙን ለእናንተ እንተዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የለጋሾች ስም ይታወቅ ብሎ የሚጠይቅ ተቃዋሚ ፓርቲ «የእናንተስ?» መባሉ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

በአንዲት የክልል ከተማ አንድ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው አባት 500 ብር ይዘው ወደ ቢሮአችን መጡ። ደረሰኝ ስንጽፍ ስማቸውን ጠየቅናቸው። «ስሜ ይቅር፤ በጎ አድራጊ በሉት» አሉን። ሕጉ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ እንዳንቀበል እንደሚከለክለን አስረዳናቸው። ጥቂት አሰቡና ገንዘቡን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ልጆቼ፣ የእናንተን ደረሰኝ ያየ ግብር ገማች ምን እንደሚጽፍብኝ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እንጀራዬ ነው» ብለውን ሄዱ። አልተቀየምናቸውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም።

እንግዲህ ሁሉም የለጋሽ ስም ይገለጥ ስንል እኚህን አባት ለማን አሳልፈን እየሰጠን ነው? በድርጅታችን ውስጥ በዚህ ላይ ከባድ ክርክር ተደርጓል። አንዳንድ ጓዶቻችን «ግልጽነት የጠንካራው ቅንጦት ነው፤ ደካማው የሚኖረው በሚስጥር ነው» ብለዋል። ነጥባቸው ቀላል አይደለም። እኛ ግን በመጨረሻ የደረስንበት መደምደሚያ ሌላ ነው፤ ወደዚያም ያደረሰን አንዱ የሕንድ ጉዳይ ነበር።

ሕንድ እንደ እኛ ፌዴራላዊ አገር ናት፤ የክልል ምርጫዎቿም ብዙ ናቸው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ «የምርጫ ቦንድ» የሚባል ነገር ሥራ ላይ አዋለች። ኩባንያው ከመንግሥት ባንክ ቦንድ ይገዛል፣ ለፈለገው ፓርቲ ይሰጣል፣ ስሙ ግን ለሕዝብ አይነገርም። ሰበቡ ለጋሹን ከበቀል መጠበቅ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕጉን ሻሩት፤ መራጩ የፓርቲዎችን የገንዘብ ምንጭ የማወቅ መብት አለው አሉ። ዝርዝሩ ሲወጣ ትልቁን ድርሻ ያገኘው በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ሆነ። ከቦንድ ገዢዎቹ መካከል በመንግሥት መርማሪ መሥሪያ ቤቶች እየተመረመሩ የነበሩ ኩባንያዎች እንደነበሩም የአገሪቱ ጋዜጦች ዘገቡ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ሚስጥር ከሕዝብ እንጂ ከመንግሥት አልተሰወረም ነበር፤ ባንኩ የመንግሥት ነውና። የእኛም አገር ሚስጥር ከዚህ አይለይም። ለተቃዋሚ ማን እንደሰጠ ቀበሌው ያውቃል፣ ሚሊሻው ያውቃል፣ ግብር ገማቹ ሳይቀር ሰምቷል። የማያውቀው መራጩ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ያለው ጨለማ ባለ ሱቁን አባት አልሸፈናቸውም፤ የሸፈነው ለገዢው ፓርቲ በሚሊዮን የሚሰጠውንና በማግሥቱ ጨረታ የሚያሸንፈውን ሰው ነው። ደካማው በሚስጥር ይኖራል ላሉት ጓዶቻችን መልሳችን ይህ ነው፤ ሚስጥሩ የእኛ አይደለም።

ይህም ሆኖ 500 ብር የሰጠ ሰውና 5 ሚሊዮን የሰጠ ሰው በአንድ ሚዛን መታየት የለባቸውም። 500 ብር መሬት አያስመራም። ደቡብ አፍሪካ የፓርቲ ገንዘብ ሕጓን በ2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ስታውል ከ100,000 ራንድ በላይ የሆነ ስጦታ ብቻ በስም እንዲገለጥ ያደረገችው ለዚህ ነው፤ ከአንድ ለጋሽ በዓመት የሚሰጠውንም በ15 ሚሊዮን ራንድ ገደበችው። በአንጻሩ ጎረቤታችን ኬንያ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሕግ በጎርጎርዮሳውያን 2013 አውጥታ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ በ2021 የወጪ ጣሪያ ቢያስቀምጥ ፓርላማው ደንቡን ሻረው። ገደቡን የሚያወጡት ገደቡ የሚነካቸው ሰዎች ከሆኑ ውጤቱ ይኸው ነው። ለዚህም ነው ጣሪያውን ከፓርቲዎች ድርድር ይልቅ በምርጫ ቦርድ እጅ ማየት የምንመርጠው።

ከባሕር ማዶ ለሚኖሩ ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ማለት አለብን። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዳችሁ ወንድሞችና እህቶች ገንዘብ ልትልኩልን እንደምትፈልጉ ብዙ ጊዜ ትጽፉልናላችሁ። ፍቅራችሁን እንቀበላለን፤ ገንዘባችሁን ግን ሕጉ ስለሚከለክል አንቀበልም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆን በዚህ ረገድ ዜግነትን አይተካም። የምትኖሩባት አሜሪካም ብትሆን የውጭ ዜጋ ለፌዴራልም ሆነ ለግዛቶቿ ምርጫ እንዳይሰጥ ትከለክላለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን እንደያዛችሁ ያላችሁት ግን በስማችሁ፣ በባንክ በኩል ልትሰጡ ትችላላችሁ። በሻንጣ የሚመጣ ገንዘብ አንነካም። ይህን ስንል ቅር የሚሰኙብን እንዳሉ እናውቃለን።

ለመሆኑ የምንጠይቀው ነገር ለሕዝባችን እንግዳ ነውን? በየሰፈሩ ያለውን እድር እዩ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘቡን የሚይዘውና ወጪውን የሚፈቅደው አንድ ሰው አይደለም። በስብሰባው ቀን ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለድንኳን ስንት ወጣ፣ ለሳህን ስንት ወጣ ተብሎ ይነበባል። ማንበብ የማይችሉ እናት ሳይቀሩ «የባለፈው ወር ቀሪ የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ገንዘብ ያዡም ይመልሳል። ካልመለሰ ይወርዳል። ለለቅሶ ድንኳን ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ የክልል በጀት ከሚረከብ ፓርቲ ከዚህ ያነሰ ሒሳብ ይቀበል ዘንድ የሚገደድበት ምክንያት አይታየንም።

በመሆኑም ፓርቲያችን በክልል ምክር ቤቶች መቀመጫ ካገኘ ቀዳሚ ከሚያደርጋቸው የሕግ ሐሳቦች አንዱ፣ ከክልሉ መንግሥት ጋር የግንባታ ወይም የአቅርቦት ውል ያለው ድርጅት፣ ወይም በመሬት ምሪት ጥያቄው ላይ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው፣ ለማንኛውም ፓርቲ እንዳይሰጥ ክልሉ በሚገባቸው ውሎችና ፈቃዶች ውስጥ እንደ ግዴታ እንዲገባ ማድረግ ነው። ፓርቲዎች ከድምፅ መስጫው ቀን 15 ቀናት በፊት የትላልቅ ለጋሾቻቸውን ስም በይፋ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ድንጋጌ ወደ ፌዴራል ሕጉ እንዲገባም እንታገላለን። በዘመቻው ወራት የመንግሥት መኪና፣ አዳራሽና ውሎ አበል ለፓርቲ ሥራ ከዋለ የክልሉ ዋና ኦዲተር ተምኖ ዕዳውን በፓርቲው ስም እንዲመዘግብ እንፈልጋለን። አዳራሽ ለገዢው ፓርቲ በነፃ ከተፈቀደ ለእኛም በነፃ፣ ለእኛ በኪራይ ከሆነ ለእርሱም በኪራይ። ለለጋሽ ጥበቃም ያስፈልጋል፤ ለፓርቲ በመስጠቱ ግብር የተጫነበት ወይም ፈቃዱ የታገደበት ነጋዴ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ፣ እርምጃው በስጦታው ምክንያት አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በመሥሪያ ቤቱ ላይ መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ከሌለ የቀረው ሁሉ ባለ ሱቁን አባት ወደ ቢሮአችን አይመልሳቸውም።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከአንድ ሰው ወይም ድርጅት በዓመት ከ20,000 ብር በላይ የተቀበልነውን ሁሉ ከነስሙና ከነቀኑ በየወረዳው ቢሮአችን በር ላይ እንለጥፋለን። ከዚያ በታች የሰጡት በቁጥርና በድምር ይገለጣሉ፤ ስማቸው ለቦርዱና ለመርማሪው ብቻ በሚታይ መዝገብ ይቀመጣል። ለፖስተር፣ ለነዳጅ፣ ለሞንታርቦ፣ ለወኪሎች ምሳ ያወጣነውም ከጎኑ ይሰፍራል። ከመንግሥት ጋር ውል ያለው ተቋራጭ ቢመጣ አመስግነን እንመልሰዋለን፤ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢያስፈልገን።

ዝርዝሩ ከድምፅ መስጫው 15 ቀናት በፊት ይለጠፋል፤ ቢሮዎቻችንም እሑድን ጨምሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ይሆናሉ። የፓርቲያችን ነኝ ብሎ መዋጮ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ መታወቂያውን እዩ፣ ቁጥር ያለውና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ ካልሰጣችሁ አንዲት ሳንቲም አትስጡት፣ ስሙንም ለጽሕፈት ቤታችን አሳውቁ። ያንኑ ደረሰኝ ከሌሎቹም ጠይቁ።